መጋዘኑን ቆልፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፦ የድርጅት ሲስተምን በአገልግሎትና በደረጃ የመገንባት መመሪያ

ጎንደር ውስጥ አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት አለ እንበል። ዋና ቢሮው ፒያሳ፣ መጋዘኑ አዘዞ፣ አንድ ሱቁ ማራኪ። ከመተማ መስመር ሰሊጥ ይገዛል፣ ለከተማው ደግሞ ዱቄትና ዘይት ያከፋፍላል። ሒሳቡ ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራል። ንብረቱ የሚመዘገበው አንድ ልጅ ከስምንት ዓመት በፊት በሠራው ፕሮግራም ነው፤ ልጁ አሁን አዲስ አበባ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ደመወዝ በኤክሴል። የሱቁ ሽያጭ በሌላ ፕሮግራም። አሁን ባለቤቱ ተነሥቶ «ደንበኛ በስልኩ ይዘዝ፣ በቴሌብር ይክፈል» አለ።

ቀጥሎ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። የስልኩ መተግበሪያ በቀጥታ የመጋዘኑ ዳታቤዝ ውስጥ፣ ማለትም መረጃው የተከማቸበት ቋት ውስጥ ይገባል። የሽያጩ ፕሮግራም የደንበኛ ስም ከሒሳቡ ይቀዳል። ሪፖርቱ ከሁሉም ይለቅማል። ወር ሁለት ወር ይሠራል፣ ጭብጨባም አለ። ከዚያ አንድ ሰው መጋዘኑ ላይ የአንድ ዓምድ ስም ይቀይርና ጠዋት ሦስት ቦታ ይፈርሳል። አምስት ሲስተም እርስ በርሱ በቀጥታ ከተያያዘ 10 መስመር ነው፤ ስምንት ሲሆን 28። ማን ምን እንደሚነካ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል። ወረቀት ያለቀበት ሠራተኛ መጋዘን ገብቶ አንሥቶ አይወጣም። መጠየቂያ ይሞላል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ንብረት ጠባቂው ሞዴል 22 የሚባለውን የንብረት ወጪ ደረሰኝ ቆርጦ በመስኮት ይሰጠዋል። ወረቀቱ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ጠያቂውን አያገባውም። ንብረት ጠባቂው መደርደሪያውን ሁሉ ቢያገላብጠው ቅጹ ያው ነው። አገልግሎት ተኮር አሠራር የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ሰርቪስ ማለት መስኮት ነው። ቅጹ ውሉ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከንብረት ጠባቂው በቀር ማንም አይገባም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። አንድ ሱቅና አንድ ፕሮግራም ብቻ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ተዉት። አንድ በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ይበቃችኋል፣ የቀረው ትርፍ ወጪ ነው።

አንደኛ፦ ከወረቀቱ ጋር ተጓዙ

ኮድ አትክፈቱ። አንድ የደንበኛ ትእዛዝ ምረጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። ሽያጭ ክፍል ተቀመጡ፣ ከወረቀቱ ጋር ባጃጅ ይዛችሁ አዘዞ ውረዱ፣ መጋዘን በር ላይ ቁሙ፣ ሒሳብ ክፍል ተመለሱ። ማን ምን አየ? ምን ወሰነ? የት ቆመ? ጻፉት። ሒሳብ ሹሟን እትዬ ብላችሁ ቡና ጋብዟቸው፣ ምክንያቱም ዋናው ሕግ ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። «ለእገሌ እስከ 30 ቀን ዱቤ እሰጣለሁ፣ ለዚያኛው ግን በጭራሽ» የሚለው የትም አልተጻፈም።

ያገኛችሁትን በሲስተም ስም ሳይሆን በሥራ ስም ጻፉት። «የንብረት ፕሮግራም» አትበሉ። «ክምችት ጠይቅ»፣ «ንብረት ያዝ»፣ «የደንበኛ ዱቤ አጣራ»፣ «ደረሰኝ ቁረጥ» በሉ። እነዚህ ናቸው ነገ መስኮት የሚሆኑት። ሃያ ያህል ካወጣችሁ መጀመሪያ ላይ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ደረጃዎቹን ከታች ወደ ላይ ደርድሩ

አምስት ደረጃ አድርጉት። ከሥር ነባሮቹ ሲስተሞች አሉ፤ ፒችትሪው፣ የልጁ ፕሮግራም፣ ኤክሴሉ። አታፍርሷቸው። ፋሲል ግቢን ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የኋለኞቹ ነገሥታት የፋሲልን ግንብ አፍርሰው አልሠሩም፤ ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ኢያሱ ግንቡን፣ ምንትዋብ የራሷን እያከሉ ሄዱ፣ ሁሉም በአንድ ቅጥር ውስጥ። ቅጥሩ ደግሞ 12 በር ነበረው፣ እያንዳንዱ በስሙና በሥራው፦ ወንበር በር የዳኞች፣ እንቢልታ በር የሙዚቀኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ። ማን በየት እንደሚገባ የታወቀ ነው።

ከነባሮቹ በላይ አስተርጓሚዎቹ ይቀመጣሉ። የእነሱ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የአሮጌውን ሲስተም ቋንቋ ማወቅ። የልጁ ፕሮግራም ዘይትን «ዘ04» ብሎ ከመዘገበ ያንን የሚያውቀው አስተርጓሚው ብቻ ይሁን። ነገ ፕሮግራሙ ሲቀየር አስተርጓሚው ይቀየራል፣ ከላይ ያለው ማንም አይሰማም።

ሦስተኛው ደረጃ መስኮቶቹ፣ ማለትም ሰርቪሶቹ ናቸው። አራተኛው የሥራ ሂደት ነው፤ «ትእዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ ዱቤ አጣራ፣ ከዚያ ንብረት ያዝ፣ ከዚያ ክፍያ ተቀበል» የሚለው ቅደም ተከተል እዚህ ይኖራል። አምስተኛው ሰው የሚነካው ነው፤ የስልክ መተግበሪያ፣ የሽያጭ ሠራተኛዋ ገጽ፣ የባለቤቱ ሪፖርት።

ኦፕን ግሩፕ የሚባለው ድርጅት ለዚህ አሠራር ባወጣው ማጣቀሻ ንድፍ ደረጃዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ አምስቱ ከላይ የነገርኳችሁ ዓይነት፣ አራቱ ደግሞ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጡ፦ ማገናኛው፣ የመረጃ አያያዙ፣ የአገልግሎት ጥራትና ደህንነቱ፣ አስተዳደሩ። ዘጠኙን በአንድ ጊዜ ልሥራ ብላችሁ አትነሡ። የሚያቋርጡ ነገሮች እንዳሉ ግን ከመጀመሪያው ቀን እወቁ።

ሕጉ አንድ ነው። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጠይቃል፣ ከታች ያለው ግን ከላይ ያለውን አያውቅም። መጋዘኑ የሚናገረው ነገር ካለው «ዘይት አልቋል» ብሎ መልእክት ያውጣ፣ የፈለገ ይስማ። ደግሞም የሥራው ደንብና ስሌት ሰው የሚነካው ገጽ ላይ አይጻፍም። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ስልኩ ላይም፣ ሽያጩ ላይም፣ ሪፖርቱ ላይም ያሰላ ሰው አንድ ቀን ሦስት የተለያየ ድምር ይዞ ሒሳብ ክፍል ይቀርባል።

ደመወዝን ተመልከቱ። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ አለ። ስሌቱ አንድ ሰርቪስ ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ቦታ ነክቶ ቡናውን ጠጣ። በአራት ኤክሴል የተበተነበት ደግሞ ሌሊቱን አደረ። እግረ መንገዴን፦ አሮጌውን ተመን አትደምስሱት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ቀን ስጡት፣ የሰኔ ደመወዝ ልዩነት በመስከረም ሊጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛ፦ መስኮቱ ምን ያህል ይሁን

በጣም ትንሽ ካደረጋችሁት ልጅን ለጨው ሱቅ ልኮ፣ ሲመለስ ለሽንኩርት፣ ሲመለስ ለክብሪት እንደ መላክ ነው። አንድ ትእዛዝ ለማሳየት 40 ጥያቄ የሚልክ ገጽ አይቻለሁ። በፒያሳ ኔትወርክ! በጣም ትልቅ ካደረጋችሁት ደግሞ አንድ መስኮት ላይ ሰልፉ እስከ ጃንተከል ዋርካ ይደርሳል፣ ትንሽ ነገር ለመለወጥም ሁሉም መቆም አለበት።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ይህን ሥራ የቢሮው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረኝ ይችላል? ሌላውን ሳልነካ ልቀይረው እችላለሁ? መረጃው የማን ነው? ከሦስቱ የመጨረሻው ነው ከባዱ። የደንበኛ ስልክ አራት ቦታ ካለ የትኛው ነው እውነተኛው? አንድ ባለቤት ምረጡ። ሌሎቹ ቅጂ መያዝ ይችላሉ፣ መለወጥ ግን አይችሉም። ይህ ስብሰባ ጭቅጭቅ አለው፣ ሽያጭና ሒሳብ ይጣላሉ። ይጣሉ። ኮድ ከተጻፈ በኋላ ከመጣላት ይሻላል።

አራተኛ፦ ውሉን ከኮዱ በፊት ጻፉ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፣ ብዙ የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ መስኮት ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ ሲሳሳት ምን እንደሚል፣ በስንት ሰከንድ እንደሚመልስ ይጻፍ። ጠያቂውና ሰጪው ይስማሙበት። ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው ይሥሩ። ሶፕ ነው ሬስት፣ ማለትም ሲስተሞች በየትኛው የመላላኪያ ዘዴ ይነጋገሩ የሚለውን ክርክር ብዙ አልወደውም። ለአዲስ ሥራ ሬስትና ጄሰን የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ይቀላል፤ አንዳንድ ባንክና ነባር ሲስተም ግን ዛሬም በሶፕ ነው የሚያናግራችሁ፣ ያኔ አስተርጓሚው ደረጃ ላይ ጨርሱት።

በእኛ አገር ውል ውስጥ የግድ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

ቀን። አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ቢሮ ውስጥ የሠራነው ሲስተም በጥቅምት መጨረሻ አንዳንድ ደረሰኝ አልመዘግብም አለ። ሁለት ቀን ፈለግን። ለካ ሰዎቹ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ለፈረንጅ ቀን በተሠራ ዓምድ ውስጥ ነበር የሚከቱት። መስከረም 30 ችግር የለም፣ ጃንዋሪ 30 ነው የሚመስለው። ጥቅምት 30 ግን ፌብሩዋሪ 30 ሆነ፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጳጉሜማ 13ኛ ወር ነው፣ ጭራሽ አይገባም። የከፋው የማይገባው አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ የገባውና ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተቆጠረው ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ቀን በአይኤስኦ 8601፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመት-ወር-ቀን በሚለው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ ይሁን፤ ጥቅምት 30 ቀን 2018 በሲስተሞቹ መካከል ሲላክ 2025-11-09 ነው። ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለወጠው አምስተኛው ደረጃ ላይ፣ ሰው ፊት ሲደርስ ብቻ ነው። ጳጉሜ አንዳንዴ 6 እንደምትሆንም ፈትኑ፤ በ2015 ነበረች፣ በ2019ም አለች።

ሰዓት። «3 ሰዓት» ጠዋት 09:00 ነው ወይስ ሌሊት 03:00? ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ከያዘው ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት 06:00 ተብሎ ይጻፋል። ውሉ ላይ ዩቲሲ በሉና ጨርሱት።

ስም። የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ስለዚህ ሦስት ዓምድ። ቀጥሎ ፊደሉ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ አንድ ሰው ነው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። የተጻፈውን እንዳለ አስቀምጡ፣ የሰው ስም አታርሙ። ለፍለጋ ግን ሌላ ዓምድ ያዙና ሃ፣ ሐ፣ ኀንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጡ፣ ሌሎቹንም ድምፆች በዚሁ መልክ። ይህን በአንድ ትንሽ ሰርቪስ ሥሩት፣ ሁሉም ከእሱ ይጠይቅ። አለበለዚያ አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ሦስት ጊዜ ዱቤ ይወስዳል፣ ሆኖም ያውቃል።

ስልክ። 09 ብሎ የሚጽፍ አለ፣ 251 ብሎ የሚጀምር አለ፣ 07ም አለ። ሁሉንም ወደ +251 አምጡት።

ገንዘብ። በሳንቲም ቆጥራችሁ ሙሉ ቁጥር አድርጉት፣ ወይም ዳታቤዙ ለገንዘብ ያለውን የአስርዮሽ ዓይነት ተጠቀሙ። ኮምፒውተር አስርዮሽን አቀራርቦ በሚይዝበት በተንሳፋፊ ነጥብ 0.1 ሲደመር 0.2 በትክክል 0.3 አይሆንም፣ ሒሳብ ሹሟ ደግሞ ለአምስት ሳንቲም ልዩነት እስከ ማታ ያስቀምጧችኋል።

አምስተኛ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል

ይህን ጥያቄ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጠይቁ። ጎንደር ውስጥ መብራት ሊጠፋ ይችላል አይባልም፤ ይጠፋል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እዩ። እያንዳንዱ ሰርቪስ ከ100 ጊዜ 99 ጊዜ ይሠራል እንበል፣ ደህና ይመስላል። አምስቱ ተራ በተራ እየተጠራሩ አንድ መልስ የሚሰጡ ከሆነ ግን አብረው የሚሠሩት ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በዓመት ሲሰላ 18 ቀን ገደማ መቆም ማለት ነው። ስለዚህ ወዲያው መልስ የማያስፈልገውን ሁሉ ከሰንሰለቱ አውጡት። ደንበኛው ትእዛዙ መድረሱን ይወቅ እንጂ ሒሳቡ ፒችትሪ ውስጥ እስኪገባ አይጠብቅም። እሱ በወረፋ ይሂድ። መልእክቱ ወረፋ ውስጥ ይቀመጣል፣ አዘዞ መብራት ሲመጣ ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ጉድጓድ አለ። ትእዛዙ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ መልእክቱ ወረፋው ጋ ሳይደርስ መብራት ቢጠፋስ? ስለዚህ መልእክቱን መጀመሪያ እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ፣ ከትእዛዙ ጋር በአንድ ግብይት (ትራንዛክሽን)፣ በተለየ ሰንጠረዥ ጻፉት። ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ከዚያ እያነሣ ይልካል። ወይ ሁለቱም ይገባሉ ወይ ሁለቱም አይገቡም።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። ደንበኛው «ክፈል» ነካ፣ ገጹ ዞረ ዞረ፣ ደግሞ ነካ። ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልኩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ የማይደገም ቁጥር ያውጣ፤ ሰርቪሱ ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት ካየው እንደገና አይሠራም፣ የበፊቱን መልስ ይመልሳል። ይህን ለንብረት መያዝም ለደረሰኝም አድርጉት።

ሦስተኛ፣ እንደገና መሞከርን በአንድ ደረጃ ብቻ አድርጉ። ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ከሞከሩ ከታች ያለው ምስኪን ሰርቪስ 27 ጊዜ ይመታል፣ ያውም ታሞ ሳለ። የጊዜ ገደብ አድርጉ፣ በሙከራዎቹ መካከል እየረዘመ የሚሄድ እረፍት ስጡ። በተደጋጋሚ ሲወድቅ ደግሞ እንደ ቤት ብሬከር ቆርጦ የሚያቆይ ነገር ይኑር፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ልኮ ይሞክር።

ንብረት ተይዞ ክፍያው ካልመጣስ? አራተኛው ደረጃ ላይ ለእያንዳንዱ እርምጃ መቀልበሻውን ጻፉ። ንብረት ያዝ ካለ ንብረት ልቀቅ አለ። ለምሳሌ በ30 ደቂቃ ካልተከፈለ ይለቀቅ። ደረሰኝ ተቆርጦ ከሆነ ግን አይሰረዝም፣ ተመላሽ ይሠራለታል። ይህንን ሒሳብ ሹሟ ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ስድስተኛ፦ ማገናኛው ብልህ አይሁን

ሁሉንም መልእክት የሚያመላልስ፣ አውቶቡስ የሚባል አንድ ማዕከላዊ ፕሮግራም መግዛት ይቻላል። ፖስተኛ ሆኖ ከቀረ ጥሩ ነው። ችግሩ ቀስ በቀስ «ይህችን ስሌት እዚያ ላይ ብናደርጋትስ» እየተባለ ሕግ ሁሉ እዚያ መግባቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የልጁን ፕሮግራም እንደገና ሠርታችሁታል፣ ያውም በውድ። ፖስተኛ ደብዳቤ አያርም።

ሰባተኛ፦ ማን ገባ፣ ምን አየ

ከላይ ሲገባ የሚፈተሽ በር ይኑር፣ ግን ውስጥ ያሉትም መስኮቶች ጠያቂውን ይለዩ። ቅጥር ውስጥ የገባ ሁሉ የቤት ሰው አይደለም። የደንበኛ ፋይዳ ቁጥርን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጡ፣ ሎግ ላይ፣ ማለትም ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት ፋይል ላይ በፍጹም አታትሙት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ያነበበ ሕግ አዋቂ አማክሩ።

ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ከስልኩ ጀምሮ እስከ ፒችትሪ የሚከተለው አንድ መለያ ቁጥር ስጡ፣ እያንዳንዱ ሰርቪስም ሎጉ ላይ ይጻፈው። «ትእዛዜ የት ደረሰ?» ሲባል አምስት ሰው ከመደወል አንድ ቁጥር መፈለግ።

ስምንተኛ፦ አንድ መስኮት ክፈቱ፣ ከዚያ ሌላውን

ሁሉንም በአንድ ሌሊት የሚቀይር ዕቅድ ካመጡላችሁ አትፈርሙ። በማንበብ ጀምሩ። «ክምችት ጠይቅ» ምንም አይለውጥም፣ ቢሳሳትም ንብረት አይጠፋም፣ ባለቤቱ ግን ስልኩ ላይ አዘዞ ያለውን ዘይት ሲያይ ለቀጣዩ በጀት ይፈቅዳል። ቀጥሎ ንብረት መያዝ፣ ቀጥሎ ክፍያ። ደመወዝ መጨረሻ ይሁን፣ ሰው በደመወዙ አይቀልድም።

አዲሱንና አሮጌውን ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ ጎን ለጎን አስኪዱ፣ ድምሩን በየቀኑ አወዳድሩ። መቀየሪያ ቀን ስትመርጡ የሰኔን መጨረሻ ተዉት፣ ሒሳብ ይዘጋል። የጥምቀትንም ሳምንት ተዉት። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሱቁ ፋታ የለውም፣ ከእናንተም ውስጥ ግማሹ ፋሲለደስ መዋኛ ነው የምትገኙት።

ውሉ ሲቀየር የድሮውን መስኮት ወዲያው አትዝጉ። አዲስ ዓምድ መጨመር ብቻ ከሆነ ያው ውል ይቀጥላል፤ ዓምድ ማጥፋት ወይም ትርጉም መለወጥ ከሆነ ግን ሁለተኛ ውል አውጡ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሥሩ፣ ጠያቂዎቹ ቀን ይሰጣቸው። ከዚያ ሎጉን እዩ። አንድ ወር ማንም ካልጠየቀው «በቃ፣ ዝጋው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐምሌ እስኪያልፍ ጠብቁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 30 ማታ ብቻ፣ ያንን መስኮት የሚያንኳኳ አንድ ሪፖርት አለ።